ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ውሃ መጠማት

ውሃ ሞልቶ ከተኛበት ዳር ቁጭ ብሎ ‹‹ውሃ ጠማኝ!›› የሚል ሰው ብታዩ መሳቃችሁ አይቀርም። ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ ያ ሰማያዊ ውሃ ከተራሮቹ መሀል ብቅ ይላል። ጥልቀቱ 80 ሜትር ያህል ነው። ዳር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ገናና ያደረጉት፣ ድሮ ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው። (እህቶች፣ ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ወደ ውስጥ አትገቡም፤ ከውጭ ሆናችሁ የሐይቁን ውበት መኮምኮም ግን ማንም አይከለክላችሁም።)

ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ እንዲሁ ተቀድቶ አይጠጣም። ሐይቁ የሚገባለት እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ስለዚህ በጎርፍም ሆነ በሰው እጅ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። መኪናቸውን ዳር አስጠግተው በኦሞ የሚያጥቡ ወጣቶች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ምናለበት!

ፈረንጆቹ ለዚህ መላ አላቸው። ቤታቸውን ጎማ አልብሰው ከመኪናቸው ኋላ ይጎትቱታል፤ ካራቫን ይሉታል። አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ ታንከሩ ሳይቀር አብሮ ይጓዛል። የእኛ ካራቫን ደግሞ ኮንትራት ሚኒባስ ነው፤ ታንከሩም ቢጫ ጀሪካን። ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው፤ ውሃህን አስበህ ያዝ፣ ንጽሕናውን ጠብቅ፣ ስትመለስ አድርቅ።

እኛ ሰባት ጓደኛሞች ሹፌሩን ጨምረን ስምንት ሆነን፣ ከሐይቅ ወደ አምባሰል የዘለቅነው በመስከረም ነበር። አምባሰልን የማያውቅ ማን አለ? በቅኝቱ፣ በማሩ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ያ መዘዘኛ ውል በተፈረመባት በውጫሌ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በግሸን ደብረ ከርቤ ዝነኛ ነው። መስከረም 21 ምዕመናን ከየአቅጣጫው ወደ አምባዋ ይጎርፋሉ።

መንገድ ላይ አንዲት እናት ‹‹ቡና ሳትጠጡማ አታልፉም›› ብለው ቤት አስገቡን። የወሎ ሰው መቼም ታውቁታላችሁ፣ እንግዳ ከሸሸው ይቀየማል! ቡናው እስኪፈላ አንዱ ጓደኛችን በር ላይ የቆመውን ጀሪካን አንስቶ እግሩን ተለቃለቀ፤ ሌላዋ ፊቷን፤ ሌላው ጫማውን… ጀሪካኑ ቀለለ። የቤቱ ልጅ፣ 12 ዓመት ቢሆናት ነው፣ ምንም ሳትተነፍስ ባዶውን አዝላ ወጣች። ሁለተኛው ቡና ተጠጥቶ፣ ሦስተኛው ተጠጥቶ፣ ልጅቷ ገና አልተመለሰችም። ሴትየዋን ስንጠይቃቸው ‹‹አብሽሩ ልጆቼ፣ ውሃ እንደሁ ይመጣል›› አሉን።

ይመጣል፤ ግን በማን ጀርባ? እኛ ቤት ቧንቧ ሲጠፋ ‹‹ውሃ ሄደች›› እንላለን። እዚህ የምትሄደው ልጅቷ ናት። አንድ ጀሪካን ሞልቶ 20 ኪሎ ነው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ሃያውም ሠላሳ ይሆናል። እግር የታጠብንበት የዚያች ልጅ የጥናት ሰዓት ነበር።

ስንወጣ ከመኪናችን አንድ ሙሉ ጀሪካን አወረድን። ሴትየዋ ተቆጡ። ‹‹እንግዳ ውሃ ተሸክሞ ይመጣል እንዴ? ነውር ነው!›› ሹፌራችን ብልጥ ነው፤ ‹‹እናቴ፣ ዳገቱን እንዲቀለኝ ብዬ ነው›› አላቸው። እንደዚያ ሲሆን ተቀበሉ።

ውድ አንባቢያን፣ የራሳችሁን ውሃ መያዝ ለሆዳችሁ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። እንግዲህ አያያዙን ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ሂሳብ። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ለመጠጥ፣ 2 ሊትር ለእጅ፣ ለጥርስና ለድስት ያዙ። ስምንት ሰው በቀን 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ይፈልጋል። ለሁለት ቀን አራት ጀሪካን፣ 80 ኪሎ! ከአንድ ጎልማሳ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ ሁሉንም ከአዲስ አበባ ሞልታችሁ 400 ኪሎ ሜትር አታንገላቱት። ባዶውን ይዛችሁ ደሴ ወይም ሐይቅ ከተማ ላይ ከቧንቧ ከፍላችሁ ሙሉ። መኪና ላይ ስትጭኑት ከፖርቶ ማጋላ ይልቅ ወለሉ ላይ አድርጉት፣ እሰሩትም። ከላይ የተጫነ ውሃ ኩርባ ላይ መኪናውን ያንገዳግዳል።

ሁለተኛ ዕቃው። የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካን ይሆናል። ናፍጣ፣ ላምባ ወይም የእርሻ መድኃኒት የያዘውን ግን መቶ ጊዜ ብታጥቡት እንዳትሞክሩት። በሳሙናና በትንሽ ጠጠር አንገጫግጫችሁ እጠቡ፣ አለቅልቁ። የመጠጡ ጀሪካን አንገት ላይ ቀይ ክር እሰሩ፤ ክር የሌለው ለእጅና ለእግር ነው። ከመጠጡ ስትቀዱ አንቆርቁሩ እንጂ ኩባያ አትንከሩበት። ንጹሕ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእኛው እጅ ነው።

ሦስተኛ ማከሙ። ምንጩን ካላመናችሁት አፍሉት። ከፍታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ስትሆኑ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት። ከሰል ከሌለ ውሃ አጋር አለ፤ ልኩ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ያም ከጠፋ ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ የሚል የተጻፈበት በረኪና ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ትዕግስት። ከክረምት ማግስት ውሃው ደፍራሳ ነውና አስቀድማችሁ አጥሉትና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ይህም ካልተገኘ፣ ጥርት ያለ ውሃ ጥርት ባለ ሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ ለ6 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ አስተኙት። በነጻ ነው!

ከአንዱ ሰው ተቅማጥ የሁሉም ጉዞ እንደሚበላሽ አትርሱ። ሚኒባስ ውስጥ ሆድ የታመመ ጓደኛ ይዞ ዳገት መውጣትን ለጠላቴም አልመኝ።

ሌላ ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ፀጥታ ደሴ ካለ ሰው ጠይቁ፤ በዚህ ቀልድ የለም። ስትመለሱ ደግሞ የተረፈውን ውሃ ‹‹ለሚቀጥለው›› ብላችሁ አታስቀምጡት። አትክልት አጠጡበት፤ ጀሪካኑን አጥባችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ዘቅዝቃችሁ አድርቁት።

ሰው ቤት ስትገቡ ደግሞ ቡናውን ጠጡ፣ ቆሎውን ብሉ፣ ምርቃቱን ተቀበሉ። እግራችሁን ግን በራሳችሁ ውሃ ታጠቡ። መልካም ጉዞ!