በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል

የሥራ ማስታወቂያ አነባበብ የራሱ ወግ አለው። ጀማሪ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ የድርጅቱን ስም፣ የመደቡን መጠሪያ፣ "ማራኪ ደመወዝ" የምትለውን ቁጥር አልባ ተስፋ። የሰነበተ ሥራ ፈላጊ ግን ከታች ይጀምራል። "ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ" ከሚለው አጠገብ አንዲት አጭር መስመር አለች፤ "በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል/የምትችል"። ከእርሷ በላይ የተጻፈው ሁሉ ስለ አመልካቹ ነው፤ ትምህርቱ፣ ልምዱ፣ ዕድሜው። እርሷ ብቻ ስለ ዘመዶቹ ትጠይቃለች።

አርባ ምንጭ ውስጥ ይህችን መስመር ለማንበብ ዳገት ይወጣ ነበር። ንግዱና ግርግሩ ታች ሲቀላ፣ ቢሮው ደግሞ ላይ ሴቻ ስለሆነ፣ ሥራ ፈላጊ ዶክመንቱን በፌስታል ይዞ በባጃጅ ሽቅብ ይወጣል፤ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ፣ ሐይቆቹን ቁልቁል እያየ ይመለሳል። አሁን ማስታወቂያው በቴሌግራም ይመጣል። ዳገቱ ቀረ፤ መስመሯ አልቀረችም።

እኔ ቋሚ ደመወዝተኛ ከሆንኩ ወዲህ ዘመዴ በዝቷል። ለሠርግ የማይጠራኝ ለተያዥነት ይጠራኛል። ባለፈው ደግሞ የአክስቴ ልጅ አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክሞ እሑድ ጠዋት በሬን ሲያንኳኳ ገና "ጋሼ እንዴት አደርክ" ሳይለኝ ነገሩ ገባኝ። ልጁ አካውንቲንግ ተመርቋል፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ አንድ ድርጅት እዚህ ለከፈተው ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ ፈልጎ አወዳደረ። ልጁ የጽሑፍ ፈተናውን አለፈ። ቃለ መጠይቁ ላይ "ራስህን ግለጽልን" ተባለ፤ ገለጸ። "ከ5 ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?" ተባለ፤ እነሱ ዘንድ እንደሚያይ ተናገረ። በመጨረሻም ተደወለለት፤ "እንኳን ደስ አለህ፣ ተያዥ ይዘህ ና።"

ተያዡ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት። ደመወዙ ከተወሰነ መጠን ማነስ የለበትም። ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ተያዥ ያልሆነ፣ ይህንንም መሥሪያ ቤቱ በማኅተም የሚያረጋግጥለት፣ ከሥራ ሲለቅም መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ለማሳወቅ ግዴታ የሚገባለት መሆን አለበት። የልጁ አባት ላንቴ ላይ ሙዝ ያመርታሉ። ሙዛቸው በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ልጁ የሰው ኃይል ቢሮው ውስጥ የሆነውን እንዲህ ሲል አጫወተኝ።

"አባትህ ምንድን ነው የሚሠሩት?"

"ሙዝ ያመርታሉ።"

"ደመወዝ አላቸው?"

"የላቸውም። እንዲያውም እሳቸው ናቸው ደመወዝ የሚከፍሉት።"

"እኛ የምንፈልገው የሚከፍል አይደለም፤ የሚከፈለው ነው።"

በዚህ ሂሳብ የእኔን የወር ደመወዝ በአንድ ጭነት የሚያገኙት አባት ለገዛ ልጃቸው አይበቁም፤ ወሩ ሳይጋመስ የምበደረው እኔ ግን እበቃለሁ። ሙዙን ተቀብዬ ካስገባሁት በኋላ ይህ ነገር ከየት መጣ ብዬ ማሰላሰል ጀመርኩ።

ፈተናው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ቻይናዎች ሹመኞቻቸውን በጽሑፍ ፈተና መመልመል ከጀመሩ ከ1400 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1854 በቀረበ አንድ ሪፖርት መነሻነት መንግሥት መሥሪያ ቤቶቻቸውን ከጌቶች ልጆች ወደ ፈተና ማዞር ጀመሩ። አሜሪካ ውስጥ ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1921 ለሥራ አመልካቾቹ ወደ 150 የሚጠጉ ጥያቄዎች ያቀርብ ነበር፤ አብዛኛው ተመራቂም ይወድቅለት ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካን ይጎበኝ የነበረውን አልበርት አንስታይንን ከጥያቄዎቹ አንዱን ቢጠይቁት፣ ይኸውም የድምፅን ፍጥነት፣ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝን ነገር በጭንቅላቴ አልሸከምም የሚል መልስ ሰጠ። ኤዲሰን ዘንድ ሥራ ባያገኝ ምክንያቱ ይህ ይሆን ነበር። ለማንኛውም አንስታይንን የጠየቀው ሁሉ ተያዥ አምጣ አላለውም።

ተያዥ የእኛው ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለገንዘብና ባለዕዳ ቁራኛ ይሆኑ ነበር፤ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ፤ ነገሩ ቀለል ያለ እንደሆነ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ዳኛ ዘንድ አብረው ይሄዳሉ። ከዚህ የሚያወጣው ዋስ ነው። ዋሱ "እርሱ ቢጠፋ እኔ አለሁ" ይላል፤ ሰውየውም ይፈታል። ዋሱ ይህን የሚለው ሰውየውን ስለሚያውቀው ነው፤ አባቱን፣ ርስቱን፣ ሲናደድ የሚያደርገውንም ጭምር። ዳኛው የማያውቀውን ዕውቀት ዋሱ ያበድረዋል ማለት ነው። ሹመት ፈላጊውም ቢሆን በጌታው ደጅ ሲጠና ከርሞ፣ ጠባዩ ታይቶ፣ ሰው መስክሮለት ነበር እልፍኝ የሚገባው። ዛሬ "የሙከራ ጊዜ" የምንለው ያኔ ከቅጥሩ በፊት ነበር፤ ለዚያውም ያለ ደመወዝ።

ጋሞ ደግሞ በዚህ ነገር ማንም የሚያስተምረው አይደለም። በዱቡሻ፣ ሽማግሎች ተሰብስበው ነገር በሚያዩበት ሜዳ፣ የተናገረ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ከማኅተም የሚከብድ ነገር ይከተለዋል፤ ጎሜ ነው፤ ጥፋቱ በእርሱ ብቻ ሳይሆን በቤተሰቡም ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች የመገደላቸው ወሬ አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቱ በቁጣ ሊበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ሣሩን አልፎ አልሄደም። እነዚያ አባቶች የዚያን ቀን ለማያውቁት ሰው ሁሉ ተያዥ ሆኑ። የደመወዝ ማረጋገጫ አምጡ ያላቸው አልነበረም።

ታዲያ ሣሩ እንዴት ፎርም ሆነ? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1920 ጀምሮ ስለ ዋስትና ይደነግጋል። ዋስትና በጽሑፍ ሆኖ ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ አይጸናም ይላል። ይህ ዋሱን ከወሰን አልባ ዕዳ ያድነዋልና መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ዋስትና ከሰው ወደ ቁጥር ዞረ። በ1954 ዓ.ም ደግሞ የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ተቋቁሞ የመንግሥት ቅጥር በችሎታና በውድድር ይሁን ተባለ። ከዚያ በደርግ ዘመን ተመራቂው በምደባ ይሄድ ነበር። የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ዓ.ም ሲከፈት የገባ ተማሪ ጭንቀቱ የት ይመድቡኝ ይሆን የሚል ነበር። ዛሬ ኢንስቲትዩቱ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ጭንቀቱም ማን ይፈርምልኝ ይሆን ሆኗል።

እንግሊዞችም ይህ ችግር ነበረባቸው። የባንክና የንግድ ቤት ጸሐፊ ለመሆን ዋስ ይጠየቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840 ግን ለንደን ውስጥ አንድ ኩባንያ ተቋቁሞ ዋስትናውን በገንዘብ ይሸጥ ጀመር፤ አጎትን ከማስቸገር ዓረቦን መክፈል ይሻላል ተባለ። ይህ የመድን ዓይነት ዛሬ እኛም አገር ይሸጣል፤ ሠራተኛ ገንዘብ ቢያጎድል አሠሪውን ይክሳል። ችግሩ ዓረቦኑን የሚከፍለው ድርጅቱ መሆኑ ነው። የአክስት ልጅ ደግሞ በነፃ ይገኛል።

ይኸው ነው እንግዲህ የተያዥ ነገር። ድርጅቱ ፈተናውን ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ያርማል፣ ቃለ መጠይቁን በኮሚቴ ያደርጋል፤ ሲጨርስ ግን በውጤቱ አይተማመንም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅድለታል፤ ያም አይበቃውም። በቃ ያለው የእኔ ፊርማ ነው። እኔን ደግሞ ስለ ልጁ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ልጁ ታማኝ ነው ወይ አላለም፤ ስንት ጊዜ ነው የምታውቀው አላለም። የጠየቀው ስንት ነው የምትከፈለው ብሎ ነው። የድሮው ዋስ የሚፈለገው ሰውየውን ስለሚያውቅ ነበር፤ የዛሬው የሚፈለገው ከደመወዙ ሊቆረጥ ስለሚችል ነው። ስለዚህም ነው ከተማ ውስጥ ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው በገንዘብ የሚፈርም ተያዥ የሚገኘው። ወረቀቱ የተሟላ ነው፤ መተማመን ግን ውስጡ የለም። ደግሞ የሚጎዳው ይታወቃል። መምህር ወይም ነርስ የሆነ ዘመድ ያለው ልጅ ይገባል፤ ዶርዜ ላይ ሸማ የሚሠራ፣ ጨንቻ ላይ ድንች የሚተክል አባት ያለው በፈተና አንደኛ ወጥቶ በዘመድ ይወድቃል። ውድድር የተጀመረው ዘመድን ለማስቀረት ነበር፤ ዘመድ በኋላ በር በፎርም ተመለሰ።

ለልጁ ፈረምኩለት። ሲሸኘኝ ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ "ጋሼ፣ ደመወዜን በወሩ እንደሚከፍሉኝስ የእነሱ ተያዥ ማነው?" የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለህ?" ስለሚል ለዚህ ጥያቄ ቦታው አለ። ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። ሆኖም እኔ የመከርኩት ፎርሙን አስገብቶ፣ 60 ቀኑን ጨርሶ፣ የቋሚነት ደብዳቤውን ኪሱ ከከተተ በኋላ እንዲጠይቅ ነው። ያኔ እሱም ደመወዝተኛ ነውና መልስ ባያገኝ እንኳ ለሌላ ሰው ተያዥ መሆን ይችላል።