ከቢቸና እስከ ሞጣ በሞተር ብስክሌት

ምሥራቅ ጐጃም ባሕር የለውም፤ ዳርቻው የዓባይ በረሃ ነው። መርጡለ ማርያም ከዚያ በረሃ በላይ እንደ ወደብ ተቀምጣለች። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራችው፣ በኋላም ኢየሱሳውያን ያደሱት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ በቅርጽ ያጌጠ ድንጋዩን ይዞ ዛሬም አለ።

ከፍርስራሹ አጠገብ አኩፋዳውን ያንጠለጠለ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ የቆሎ ተማሪ «ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ።

«ከቢቸና፤ ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ» አልሁት።

እሱ ያንኑ መንገድ በደብረ ወርቅ በኩል በእግሩ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲመጣ ስምንት ቀን ፈጅቶበታል። ውሻው የሚናከስበትን መንደር፣ እጇ የማይታጠፍ እናት ያለችበትን ቤት ያውቃል። እኔ የማውቀው ኪሎ ሜትሩን ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ «ሕዝቡን እናገለግላለን» የምንለው እኛ ነን፤ ሕዝቡን የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ከዚያ እስከ ሞጣ በየመንደሩ ሞተሬን እያጠፋሁ ሄድሁ።