ይህ ሚዛን አባት የለውም ወይ?

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት አንተም እንደ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ከታናናሾቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጠህ ይሆናል፤ ወይም ትምህርትህን ስትጨርስ እንዲህ ያለውን ወንበር ትጠባበቅ ይሆናል። ዛሬ የማጫውትህ ስለ ሹመት ነው። ነገሩ እስከ ሮማ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ የሚነሣው ግን ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ ነው።

ሥራ በያዝሁበት በመጀመሪያው ዓመት፥ በቡናው ወራት፥ ገበሬዎች ጀንፈል ይዘው በሚመጡበት ስፍራ ተቀምጬ ክብደት እንድመዘግብ ታዘዝሁ። አንዱ መዝኖ ቁጥሩን ይጠራል፤ እኔ እጽፋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሚዛኑ ምንም ሳይጫንበት መርፌው ከዜሮ በታች እንደሚቆም አየሁ። አይቼም ዝም አልሁ። ለራሴም «እኔ ጸሐፊ እንጂ መዛኝ አይደለሁም» ብዬ ነገርሁት።

በዚያው ቀን አንድ ሽማግሌ ጆንያቸውን አስመዘኑ። ቁጥሩ ሲጠራ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ወደ እኔ ዞረው፥ «ልጄ፥ ይህ ሚዛን አባት የለውም ወይ?» አሉኝ። ነገሩ ስላልገባኝ፥ «አባባ፥ እኔ የተጠራውን ነው የምጽፈው» ብዬ መለስሁላቸው። ገንዘባቸውን ተቀብለው ሄዱ።

የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፥ በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት በወጣሁ ጊዜ ነው። ሁለተኛው አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 በጅማ ነግሠው ኖረዋል፤ ለምኒልክም ስለ ገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸው ሳይነካ ቆይቶላቸዋል። በኦሮምኛ «አባ» ማለት አባት ወይም ባለቤት ማለት ነውና ከሹመቱ ብዙው በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። አውራጃውን የሚገዛው አባ ቆሮ፥ ከእርሱ በታች ያለውን መንደር የሚያስተዳድረው አባ ጋንዳ፥ የድንበሩን በር የሚጠብቀው አባ ኬላ ይባላል። ግምጃ ቤቱንና የነጋዴውን ጉዳይ የሚይዘው ሹም ደግሞ ስሙ አባ ሚዛን ነበረ፤ የሚዛን አባት ማለት ነው።

እነዚያ ሽማግሌ የጠየቁኝ እንግዲህ እንቆቅልሽ አልነበረም። «ስለዚህ ሚዛን የሚጠየቀው ሰው ማን ነው?» ማለታቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሌላው አገር ሚዛንን ማን ይጠብቅ እንደ ነበር እያነበብሁ ስፈልግ የጥንት ሮማውያን ዘንድ ደረስሁ። ሮማውያን፥ ታሪካቸው እንደሚለው፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ509 ዓመት ንጉሣቸውን ካባረሩ በኋላ ሥልጣንን ለአንድ ሰው ጠቅልሎ መስጠት ፈሩ። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሾሙ ሁለት ቆንስሎች ይመርጡ ነበር፤ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ለማገድ ይችላል። ከእነርሱ በታች ፕሬቶር ዳኝነትን፥ ክዌስቶር የመንግሥትን ገንዘብ፥ ኤዲል መንገድንና ገበያን ከነሚዛኑና ከነመስፈሪያው ይጠብቃሉ። ተራው ሕዝብም ትሪቡን የሚባል የራሱ ተከራካሪ ነበረው፤ እርሱ «ቬቶ» ማለትም «እከለክላለሁ» ካለ የሹሙ ትእዛዝ ይቆማል።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ክፉ ተረት አለ። ሮማውያንም ከዚህ በሽታ ንጹሖች አልነበሩም። እነዚህ ሹማምንት ደመወዝ ስለሌላቸው ወንበሩን የሚይዙት ባለጸጎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ለምርጫ ያወጡትን ወጪ ወደ ሩቅ አገር ተሾመው ሲሄዱ ከድሀው ይለቅሙት ነበር። ነገር ግን ሹሙ ዘመኑ ሲፈጸም እንደ ማንኛውም ሰው ተከሶ በዳኛ ፊት ለመቆም ይችላል። የሲሲሊያ ገዥ የነበረው ቬሬስ ሕዝቡን በመዝረፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት ሲሴሮ ከሰሰው፤ ቬሬስም ፍርዱ ሳይነገር አገሩን ጥሎ ሸሸ። እንደዚህ ያለውን ሰው የሚቆጨው የበላው ነው።

ይኸው ሲሴሮ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ሲሲሊያ ክዌስቶር ነበረ። በእህል እጦት ጊዜ ለሮማ ብዙ ስንዴ ልኮ ሥራውን በቅንነት ፈጸመ። ሲመለስ ሮማ ሁሉ ስለ እርሱ የሚያወራ መስሎት ነበር። ፑቴዮሊ ወደብ ሲደርስ ግን አንድ የሚያውቀው ሰው፥ መቼ ከሮማ እንደ ወጣና በዚያስ ምን ወሬ እንዳለ ጠየቀው። አለመኖሩን እንኳ ያወቀ ሰው አልነበረም። ይህን በራሱ ላይ እየቀለደ ያወራው ሲሴሮ ራሱ ነው።

ወዳጄ ሆይ፥ እኔና አንተም ሥራችንን በቅንነት ብንሠራ ከበሮ የሚመታልን የለም። ስናጓድል ግን የሚያውቅብን አለ፤ ቡናውን ለቅሞ፥ አድርቆ፥ ተሸክሞ ያመጣው ሰው ያውቃል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ያ መርፌ በየጆንያው አንድ ኪሎ ቢያጎድል፥ 17 ጆንያ በተመዘነ ቁጥር የአንድ ፈረሱላ ዋጋ ከገበሬው ኪስ ወጣ ማለት ነው። እኔም ይህን ጉድለት በመልካም የእጅ ጽሕፈት ስመዘግብ ሰነበትሁ።

ሽማግሌውን ከዚያ ቀን በኋላ አላየኋቸውም። ዛሬ ሥራዬ ሌላ ነው፤ ቢሆንም በሄድሁበት ገበያ ሁሉ ዐይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው በባዶው ሚዛን ላይ ነው። ያን ጊዜ ልመልስላቸው የሚገባኝን መልስ አሁን ዐውቄዋለሁ። አባት አለው፤ መርፌውን አይቼ ዝም ያልሁት እኔ ነበርሁ።