የጥቀርሻ ነገር

በየጥኖራ ያደገ ልጅ ጥቀርሻን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በቢቸናና በሞጣ ወገን ቀለም የሚበጠብጥ ጸሐፊ ጥላሸቱን ከምጣድና ከድስት ቂጥ ይፍቃል። እሳቱ አየር ሲያገኝ ነበልባሉ ይጠራል፤ ሲታፈን ጥቀርሻው ይወፍራል። እንጨቱ ያው፥ ምድጃው ያው፤ የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ የግራፊን ትምህርት እንግዳ አልሆነብኝም። ግራፊን ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ገበታ ነው። ጌይምና ኖቮሴሎቭ በ2004 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ከግራፋይት ላይ በፕላስተር እየላጡ አወጡት፤ በ2010ም ኖቤል ተሸለሙበት። በ2009 ደግሞ በቴክሳስ ከሚቴን ጋዝ፥ በ1000 ዲግሪ ገደማ በጋለ ስስ መዳብ ላይ በሰፊው አበቀሉት።

ጣጣው ያለው በጋዙ ነው። ሚቴኑ ሲበዛ ካርቦኑ በብዙ ቦታ ይበቅልና እንደ ድሪቶ ይጣጣፋል፤ ስፌቱም ኤሌክትሪኩን ያሰናክላል። ሃይድሮጅን ሁለት ጠባይ አለው፤ ያሳድጋል፥ መልሶም ይበላል። ሲበረክት ገበታው ባለ ስድስት ጎን ይሆናል፤ ሲያንስ ቅርጹ ይንሻፈፋል። የሚገርመው ኦክሲጅን ነው፤ በመዳቡ ፊት ላይ ጥቂት ሲኖር ቡቃያው ይቀንስና እያንዳንዱ ይሰፋል፤ ሲበዛ ግን ያቃጥላል።

ሙቀቱን ጽፎ ጋዙን የሚዘነጋ ሰው ያናድደኛል። ለመመረቂያ ሥራዬ ዕቃ ምረጥ ብባል ከእቶኑ በፊት የጋዝ መለኪያውን እጠይቃለሁ። ጓደኞቼ ይሥቁብኛል፤ ይሣቁ። እቶኑን የፈለጉትን ያህል ቢያግሉት፥ ቱቦው አየር የሚስብ ከሆነ ግራፊኑ ተቃጥሎ የሚቀራቸው መዳቡ ነው።