ጢስ መውጫ አያጣም?

ማስተማር ከተውኩ ዓመታት ቢያልፉም አንድ አመል አልለቀቀኝም፤ ተረትና ምሳሌ ስሰማ የተወለደበትን ቤት መጠየቅ እወዳለሁ። «ጢስ መውጫ አያጣም» የሚለውን እንውሰድ። ክፍል ውስጥ «ሰው ቢጨንቀው መላ አያጣም ማለት ነው» ብዬ አልፈው ነበር። የተወለደበት ቤት ጣሪያው ሣር መሆኑን ልብ ያስባለኝ ግን ባለፈው ሐምሌ ቃሊቲ ውስጥ የጠጣሁት ቡና ነው።

የእህቴ ልጅ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ ከዚያ ደግሞ ጭነቱ እስኪራገፍ መኪናው ውስጥ ያድራል። ፈረንጆች መኪናቸው ኋላ አስረው ለሽርሽር የሚጎትቱት አልጋና ምድጃ ያለው ቤት አላቸው አሉ። የኛ ሹፌሮች ተሳቢ የሚሸከመው ማዳበሪያና ብረት ስለሆነ ኑሮው ሁሉ ጋቢና ውስጥ ነው። መኝታ ቤቱም፣ ማድ ቤቱም፣ ሳሎኑም እሱው።

ልጠይቀው ስሄድ ዝናቡ ያወርደዋል። «ጋሼ፣ ቡና ሳትጠጣ አትሄድም» አለኝ። ረዳቱ ከአዋሽ መንገድ የገዙትን ከሰል ውጪ አቀጣጥሎ፣ ፍም ሲሆን ምድጃውን ወደ ጋቢናው አስገባው። ዕጣን ተጨሰ። ቤቱ ሞቀ።

«ጋሼ፣ መስኮቱ ትንሽ ይከፈት?» አለ ረዳቱ።

«ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» አልኩት። ታላቅ ሰው ተናግሯልና ዘጋው።

ሁለተኛው ስኒ ላይ ራሴን ከበደኝ። ጦም መዋሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የእህቴ ልጅም ግንባሩን ይዞ እንቅልፍ ማጣቱን ያማርራል። ምድጃው ላይ አጎንብሶ የቆየው ረዳት አልጋው ላይ ጋደም ሲል «ሞቀውና ተኛ» ብለን ሳቅን። በረካው ሲቀዳ ጠራነው፤ አልመለሰም። ነቀነቅነው፤ አልነቃም። በሩን ከፍተን ዝናቡ ላይ ስናወርደው የኔም ጉልበት ከዳኝ።

ሹፌሮች ተሯሩጠው መጡ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘ፤ አንዱ «ምች ነው» አለ፤ ሌላው ወተት ፍለጋ ሮጠ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሹፌር ግን «ከሰሉ ነው! ከበብ አታድርጉት፣ አየር ያግኝ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት!» ብለው ጮኹ። እዚያ ኦክስጅን ተሰጠው። በማግስቱ በእግሩ ሄደ። እኔ ግን «ዝጋው» ያልኩት ድምፄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በኋላ ሐኪም ወዳጄን ስጠይቀው ነገሩን አስረዳኝ። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ይከብዳል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። የተኛ ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ በዚያው ይቀራል። «ፍም ከሆነ አይጎዳም» የምንለውም ስህተት ነው። ፍሙ ጢሱን ቢጨርስም ጋዙን አልጨረሰም። ዕጣኑ ደግሞ ቤቱ በደህና የሞላ ያስመስላል።

ይህ በአንድ ሌሊት የሚገድለው ነው። ቀስ ብሎ የሚገድለውም አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚነድ እንጨት፣ ከሰልና መሰል ነዳጅ በሚበከል አየር ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። እኛ ግን የምንፈራው ነፋስን ነው። ታክሲ ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው አንድ ትንፋሽ እየተቀባበለ፣ አንዱ መስኮት ቢከፍት «ወንድም፣ ዝጋው እንጂ!» ተብሎ ይገላመጣል። እሱም በይሉኝታ ይዘጋል። የረዳቱም ነገር ይኸው ነው። እሱ አየር አንሶት ነበር፤ እኔ ዕድሜ ነበረኝ።

አባቶቻችን ጎጆ ውስጥ ሲያነዱ ዓይናቸው ቢለበለብም ጢሱ በሣሩ ጣሪያ በኩል እየሾለከ ይወጣ ነበር። ምሳሌውም ልክ ነበር። ዛሬ ግን የምንኖርበት ሌላ ነው። አቃቂ ቃሊቲን ዞር ብላችሁ እዩት፤ ሱቅ የሆነው ኮንቴይነር፣ ዘበኛው የሚያድርበት የቆርቆሮ ክፍል፣ በሩ በጎማ የታሸገ ጋቢና። ብረት እንደ ሣር አያሾልክም። መውጫ ካላበጀንለት ጢስም ያጣል፤ ጢስ የሌለው ጋዝማ መግባቱንም አይነግረን።

ስለዚህ ቡናው ይፈላ፣ ግን ውጪ፣ ሸራ ሥር። ከሰል ይዞ መተኛት በጭራሽ አይሆንም፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አብረው የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ከከበዳቸው ጦም መዋል አይደለም፤ ወጥቶ በሩን መክፈት ነው።

በቀደም ያ ረዳት ደውሎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ሲመለሱ እንጠጣለን፤ እርስዎ ግን ጋቢ ይዘው ይምጡ፣ ውጪ ነው የምንቀመጠው» አለኝ። ጋቢዬን አዘጋጅቻለሁ።