ተፎካካሪ ያጣ ድልድይ

በእኛ ዘንድ «ፉክክር» የሚለው ቃል ስሙ ጠፍቷል። ሁለት ጥበበኞች በአንድ ዘመን የተነሡ እንደ ሆነ ሥራቸውን ከመመርመር ይልቅ የተጣሉበትን ምክንያት ለማወቅ እንቸኩላለን። ለመድረክ የሚጽፍ ሰው ግን ተፃራሪ የሌለው ገጸ ባሕርይ ግማሽ ሰው መሆኑን ያውቃል። ለቅኔ ቤቶቻችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ በየስልታቸው ሲፎካከሩ ኖረው ቅኔን አበለጸጉት።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ሁለት የጃፓን የእንጨት ኅትመት ሊቃውንት፣ ሆኩሳይና ሂሮሺጌ ናቸው። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ሆኩሳይ በ1760፣ ሂሮሺጌ በ1797 ተወለዱ። የ37 ዓመት የዕድሜ ልዩነት ሳያግዳቸው፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ በያኔዋ ኤዶ በዛሬዋ ቶኪዮ የሚገኘውን የኒሆንባሺን ድልድይ ሁለቱም ሠሩት። ሆኩሳይ ድልድዩን ወደ ሥዕሉ ግርጌ አውርዶ በሕዝብ ራስ ሸፈነው፤ ዓይናችንንም በቦዩ ግራና ቀኝ በተደረደሩት መጋዘኖች መካከል አሻግሮ ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ፉጂ ተራራ ወሰደው። ሂሮሺጌ ግን ድልድዩን ፊት ለፊት አቆመው፤ ጎሕ ሲቀድ የመኳንንቱ ጓዝ ከወዲያ ማዶ ብቅ ይላል፣ ዓሣ ነጋዴዎች ከወዲህ ሸክማቸውን ይዘው ይጓዛሉ። አንደኛው ርቀትን ሠራ፤ ሁለተኛው ሰዓትን።

ጥበቡ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ብቻ አልነበረም። ሠዓሊው በስስ ወረቀት የነደፈውን ጠራቢው በቼሪ እንጨት ላይ ለጥፎ ይፈለፍለዋል፤ አታሚው ለየቀለሙ የተለየ ገበታ እየቀያየረ ያትመዋል፤ አሳታሚውም ወጪውን ችሎ ለገበያ ያቀርበዋል። ቅጂው ብዙ በመሆኑ ዋጋው ተራው ከተሜ የሚችለው ነበር። ፉክክሩ አደባባይ ስለ ወጣ ዳኛው ሕዝብ ሆነ።

እኛም ተፎካካሪ አላጣንም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አብረው አስተምረዋል። ገብረ ክርስቶስ በኮሎኝ ተምረው ረቂቅ ቅርጽንና ቀለምን አጠኑ፤ እስክንድር ለንደንንና ፓሪስን አይተው ከጠልሰምና ከአፍሪካ ምልክቶች ቀዱ። ስለ ግል ግንኙነታቸው የምለው የለኝም፤ ሥራዎቻቸው ግን አንዱ ለሌላው ጥያቄ ነበሩ። በዚያው ትምህርት ቤት ትውልደ ጀርመኑ ሀንሰን ባሂያ የእንጨት ኅትመትን አስተማረ፤ ዘሪሁን የትምጌታን የመሰሉ ተማሪዎችም ጥበቡን ተቀበሉ። ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም.፣ እስክንድር በ1995 ዓ.ም. ሁለቱም በአሜሪካ ምድር አረፉ። ሸራ ግን አንድ ነው፤ በአንድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስለዚህ የሁለቱን ክርክር የሰማው ሕዝብ ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ በፒያሳና በመርካቶ መካከል፣ በምኒልክ የጦር ሚኒስትር በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራውን ድልድይ ባየሁ ጊዜ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ከተማ ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ ባሕርዩ ነው። ሁለቱ ጃፓናውያን የሠሩት የእንጨት ድልድይም ዛሬ የለም፤ በ1911 እ.ኤ.አ. በድንጋይ ተተክቷል። መልኩ ግን ሁለት ጊዜ ተርፏል፤ አንድም በሆኩሳይ፣ አንድም በሂሮሺጌ።

የእኛን ድልድይ መልክ ማን ያተርፈዋል? መሮ የጨበጡ ሁለት ወጣቶች ይነሡለት። አንዱ ከታች ከወንዙ፣ ሌላው ከላይ ከተሸካሚው ትከሻ አቅጣጫ ይየው። የባህል ተቋማት እንጨቱንና ወረቀቱን፣ መምህራን የሥራ ቦታውን ይስጧቸው። ኅትመቱም የአንድ መጽሔት ዋጋ በማይበልጥ ሂሳብ ይሸጥ። ማን እንደ በለጠ ድልድዩን በየዕለቱ የሚሻገረው ሕዝብ ይፈርዳል።