ያቺ ብሎን

ፌንሲንግ እጫወት ነበር ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሰይፉ የእውነት ነው?» ብሎ ነው። የእውነት ነው፤ ስለት ግን የለውም። የእኔ መሣሪያ ኤፔ ነበር። ጫፉ ላይ እንደ በር ደወል የምትጫን ነገር አለች፤ ቢያንስ 750 ግራም ካልጫናት መብራቱ አይበራም። ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ፀጉር የትም ብትወጋ ነጥብ ነው። ነገር ግን መብራት ካልበራ አልወጋህም።

16 ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ ከገባን ስድስት ዓመታችን። እማዬ የካምፑን ክፍያ ለመሸፈን ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ተጨማሪ ሺፍት ሠራች። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ከታ «ሰው መውጋት ለመማር ይሄ ሁሉ ብር!» ብላ እየሳቀች ሸኘችኝ።

ካምፑ ፔንሲልቬንያ፣ አንድ ኮሌጅ ጂም ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት የእግር ልምምድ ብቻ፤ ጉልበት አጥፎ 14 ሜትሯን መስመር ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት። በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቅቶኝ በቂጤ እየተንሸራተትኩ ነው ቁርስ የደረስኩት። አብሮኝ የሚያድረው ልጅ 14 ዓመቱ ነው፣ የመጀመሪያ ካምፑ። ማታ ማታ ዳቦ ቆሎውን አብረን እንቆረጥማለን።

በመጨረሻው ቀን ለቡድን ውድድር አራት ሰው ይመረጣል፤ ሦስት ተጋጣሚ፣ አንድ ተጠባባቂ። ሦስቱ ታውቀዋል። አራተኛው ወይ እኔ ነኝ ወይ እሱ።

ግጥሚያው እስከ አምስት ነጥብ ነው። አራት ለአራት ደረስን። ገባብኝና የእጄን አንጓ ወጋኝ። ጫፉ ጓንቴ ላይ ሲያርፍ ተሰምቶኛል፣ ብረቱ ሲለመጥም አይቻለሁ። እኔ ክንዱን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። የበራው ግን የእኔ መብራት ብቻ።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሽቦህን ሳትነቅል፣ መሣሪያህን ሳትቀይር ወዲያው «ይፈተሽልኝ» ማለት ትችላለህ። ብልሽት ከተገኘ የተቆጠረብህ ነጥብ ይሰረዛል። እኔ አውቃለሁ። እሱ አያውቅም። ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየኝ። ጭምብሌ ውስጥ ሆኜ ዝም አልኩ። ቢበዛ ሁለት ሴኮንድ ነው። (ሥራ ቦታ ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ አንድ ነገር እንደተበላሸ የማውቀው እኔ ብቻ ስሆን፣ ያቺ ሁለት ሴኮንድ ተመልሳ ትመጣለች።) ከዚያ ሽቦውን ነቀለ፣ ጨበጠኝ።

ጂሙን ስናጸዳ እሱ በቆመበት በኩል ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ብሎን አገኘሁ። የኤፔ ጫፍ በሁለት እንዲህ ዓይነት ብሎኖች ነው የሚያዘው፤ አንዷ ስትወድቅ ጫፉ ይንጋደድና አልጫን ሊል ይችላል። የእሱ ናት ብዬ መማል አልችልም። ለአሠልጣኙ ማሳየት ግን እችል ነበር። ኪሴ ከተትኳት።

ማታ እማዬ ደወለች። «ተመረጥኩ» አልኳት። እልልታዋ ከስልኩ ወጥቶ ኮሪደሩን ሞላው።

«በስንት አሸነፍከው?»

«በአንድ።»

ክፍል ስገባ ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ ነበር። «ያ የሚንኮሻኮሸው ነገር አለቀ እንዴ?» አለኝ። ፌስታሉን እንዳለ ሰጠሁት።

«ሁሉንም?»

«እኔ ጠግቤያለሁ» አልኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እስኪያልቅ ድረስ ሲቆረጥም እሰማው ነበር።